ማሳሰቢያ፦ ማረጋጊያ ኪኒን ከጎረቤት አይወሰድም፣ በአንድ ጊዜም አይቆምም

በቀደም አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥተው፣ በሶፍት የጠቀለሉትን ባዶ የኪኒን ስትሪፕ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህችኑ ስጠኝ» አሉኝ። ዲያዜፓም ነው። ማዘዣ የላቸውም። ከአራት ወር በፊት ታክሲ ውስጥ ልባቸው ድንገት ድው ድው ሲል፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ጣታቸው ሲደነዝዝ «አለቀልኝ» ብለው ነበር። ቤት ሲደርሱ ጎረቤታቸው «ይህችን ዋጪና ጋደም በይ» ብላ ከራሷ ኪኒን በመቀስ ቆርጣ ሰጠቻቸው። አሁን ሳይውጡ አይተኙም።

እንዲህ ያለ ድንገተኛ ፍርሃት የወኔ ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። አንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ የለውዝ ፍሬ የምታህል አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች፤ አደጋ ስትጠረጥር ልብን ታስሮጣለች። ከግንባራችን ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ነገሩን አመዛዝኖ ያረጋጋታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሁለቱም አሚግዳላቸው በበሽታ የተጎዳ ሦስት ሴቶችን 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አስተነፈሷቸው። ሦስቱም በድንጋጤ ተናጡ። ከመካከላቸው አንዷ እባብ በእጇ ይዛ የማትፈራ ነበረች! ያለ አሚግዳላም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ድንጋጤን ሊቀሰቅስ ይችላል ማለት ነው። «ፌስታል ውስጥ ተንፍስ» የሚላችሁን አትስሙ የምለውም ለዚህ ነው፤ የታፈነ አየር ራሱ ፍርሃቱን ሊቀሰቅስ ይችላል።

የፍርሃቱ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና በራሱ ይበርዳል። የተዋጠው ኪኒን በደም እስኪሰራጭ ፍርሃቱ መለስ ማለት ጀምሯል። ምስጋናው ግን ለኪኒኑ ይሆናል፤ ልማዱም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ዲያዜፓምና ብሮማዜፓም የሚሠሩት ጋባ የተባለውን፣ እንደ መኪና ፍሬን የሚያገለግል የአንጎል ኬሚካል በማጠንከር ነው። ኪኒኑ በየቀኑ ሲገባ አንጎል የራሱን ፍሬን ያላላል። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ማቆም መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከቀድሞው የባሰ ጭንቀት፣ አልፎም ሕይወት የሚያሳጣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ሁሉ ላይ የሱስና የማቋረጥ አደጋ በከባዱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል።

ቃሚ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተ ደግሞ ለብቻ እናገራለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ በጨብሲው ላይ ዲያዜፓም ስትጨምሩ አልኮሉና ኪኒኑ ተጋግዘው ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ተኝቶ የቀረ ሰው ማለት ይህ ነው።

ደረት ወግቶ ወይም ልብ ሮጦ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣባችሁ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። የልብ ሕመም፣ ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ቶሎ ተመርመሩ። ጭንቀት መሆኑ ከታወቀም በምክርና በሐኪም በታዘዘ መድኃኒት ይታከማል።

ለእኚያ እናት ኪኒኑን አልሸጥኩላቸውም። ባዶ እጃቸውንም አልሸኘኋቸውም፦ የሚወስዱትን መጠንና የወሰዱበትን ጊዜ በወረቀት ጽፌ፣ ሐኪም ቀስ በቀስ እንዲቀንስላቸው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። እናንተም ከሳምንታት በላይ የወሰዳችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ስትሪፑን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። አቁሞ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቃዥ ወይም የሚንፈራገጥ ሰው ካያችሁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።