ገሉን የሚያነብ ማነው?

የትምህርት ቤቶች የባህል ቀን ሲደርስ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ገበያ ይደራላቸዋል። ካርቶን፣ ሙጫ፣ የወርቅ ቀለም። የሰባተኛ ክፍል ልጅ የአክሱምን ሐውልት «እንዲሠራ» ይታዘዛል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምትቆርጠውና የምትለጥፈው ግን እናቱ ናት። ጠዋት የሀገር ልብስ ይለበሳል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ፎቶ ይነሣል። ይህን የተግባር ትምህርት የምንለው ከሆነ ተግባሩ የማን እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው።

ሌላ መንገድ አለ፤ ወጪውም ከካርቶኑ አይበልጥም። አንድ የማውቀው የሶሻል መምህር የእንጨት የቲማቲም ሳጥን ፈልጎ አመጣ። ውስጡን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነና ከታች ጥቁር አፈር፣ በላዩ አመድ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከሁሉም በላይ ቀይ አፈር ደለደለበት። የቀበረው ተራ ነገር ነው፤ ከታች የጀበና አንገትና ሌሎች ገሎች፣ አሸዋው ውስጥ 1969 ዓ.ም. የሚል ባለ አሥር ሳንቲም፣ ከላይ ቆርኪና የፌስታል ቁራጭ። ልጆቹ ሳጥኑን በሲባጎ በአራት ከፍለው በማንኪያና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መጫር ያዙ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ የተገኘ ነገር ከቦታው ከመነሣቱ በፊት ጥልቀቱ በማስመሪያ ይለካል፣ ደብተር ላይ ይሣላል።

ክርክር ያስነሣችው ሳንቲሟ ናት። አንዲት ተማሪ «አሸዋው የ1969 ነው» ብላ ጻፈች። አብሯት የሚቆፍረው ልጅ አልተዋጠለትም። «እናቴ በዚህ ሳንቲም እኮ ታክሲ ትከፍል ነበር! በ69 እናቴ መች ተወለደች?» አላት። ሲጨቃጨቁ ቆይተው አሸዋው ከ1969 በፊት የተደፋ ሊሆን እንደማይችል፣ ከዚያ ወዲህ ግን መቼም ሊሆን እንደሚችል ተስማሙ። መምህሩ ይህን ሁሉ ጊዜ አፉን ዘግቶ ማየቱን ወደድሁለት። ብዙዎቻችን መልሱን ለመንገር እንቸኩላለን።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ መገኘቷን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆናት ተማሪው ሁሉ ይሸመድዳል። ዕድሜዋ ግን አጥንቷ ላይ አልተጻፈም። በሐዳር የአፈር ንጣፎች መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። በአመዱ ማዕድን ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ አመዱ መቼ እንደወደቀ ይሰላል፤ ከአመዱ በላይ የተገኘ አጥንት ደግሞ ከአመዱ ወዲህ የመጣ ነው። በሳንቲም የተጨቃጨቀ ልጅ ይህ አይጠፋውም፤ ነገሩን አስቀድሞ በእጁ ሠርቶታል።

ሌላ ትምህርት ቤት ያየሁት ግን አስደነገጠኝ። ሳጥኑ ውስጥ የቀበሩት በወርቅ ቀለም የተቀባ ዘውድ ነው። ልጆቹ አሸዋውን በሁለት እጃቸው ዘርግፈው ተሻሙ፤ ቀድሞ ያገኘው ተጨበጨበለት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል፤ እኛ ደግሞ ልጁ ስለ አዋጁ ከመስማቱ በፊት የወርቅ ፍለጋ አስተማርነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው መልካ ቁንጥሬ ሄዶ፣ ባልጪት ሜዳ ላይ የተበተነውን ባልጩት ሲያይ እጁ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወደ ኪሱ ነዋ።

ወደ መጀመሪያው መምህር ልመለስ። ሳምንት ቆይቶ ከቀጨኔ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጋበዘ፤ የቀን ገቢያቸውንም ከፈላቸው። ልጆቹ ያወጡትን ገል ጠረጴዛ ላይ ደረደሩላቸው። እሳቸውም አንዱን አነሡና በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው «ይሄ ምጣድ ነው» አሉ።

«እማማ፣ በምን አወቁ?»

«ፊቱን እየው። የለሰለሰው በጎመን ዘር ታሽቶ ነው። ጀርባው ሻካራ ነው፣ ጥላሸትም ይዟል።» ሌላውን ገልብጠው በውስጡ የቀረውን የጣት ፈለግ አሳዩዋቸው፤ እንስራ ነበር። ውስጡን ማን ያለሰልሰዋል፣ ማን ያየዋል ብለው ሳቁ።

ለእኔ ከቁፋሮው የበለጠው ይህ ነው። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ቆዳ ፋቂን «ቡዳ» ብሎ ሲያገል፣ ለጋብቻም ሲሸሽ የኖረ ኅብረተሰብ ነን። ሙዚየም ገብተን በመስታወት ውስጥ ያለን ማሰሮ እናደንቃለን፤ ማሰሮ ሠሪዋን ግን አጠገባችን አናስቀምጥም። አጥኚዎቹ ቀድመውናል። በኮንሶ ዛሬም ቆዳ በድንጋይ መፋቂያ የሚፍቁ ሴቶች አሉ፤ መፋቂያውን ራሳቸው ጠርበው ይሠሩታል። የውጭ አገር አርኪዮሎጂስቶች ከጎናቸው ተቀምጠው ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ሲደንዝ እንዴት እንደሚሳል ተምረዋል። የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ነው የሚለው የቆየ ግምትም እዚያ ተነቅንቋል። የእኛ ልጆች ስለ ባህል የሚማሩ ከሆነ እንዲህ ያሉትን ሴቶች በመምህርነት፣ በአበልም ጭምር ቢያገኟቸው እላለሁ። ለባህል ቀን ጭፈራ ብቻ አይጠሩ።

ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል አንድ ሳጥን ምን ያደርጋል የሚል መምህር አይሳሳትም። በቡድን ማድረግ ይቻላል፤ ቢሆንም ያዝረከርካል፣ አፈሩም ይበተናል፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ትቆጣለች። ከዚህ የከበደው የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ነው። ፈተናው ድንቅነሽ መቼና የት ተገኘች ብሎ እስከጠየቀ ድረስ ወላጁም መምህሩም ሽምደዳውን ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ፈተና አውጪዎች ከአንድ ጥያቄ ቢጀምሩስ? አራት የአፈር ንጣፍ ይሣሉ፤ ሁለተኛው ላይ ሳንቲም፣ አራተኛው ላይ ገል ያስቀምጡ። ከዚያ ተማሪውን የትኛው ቀድሞ ተቀበረ፣ በምንስ አወቅህ ብለው ይጠይቁት።