የዘር ፍሬ ካንሰር በሳልና በወገብ ህመም ሲገለጥ

አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ በ1996 ወደ ሐኪም የሄደው ደም የተቀላቀለበት አክታ ማሳል ከጀመረ በኋላ ነበር። ዕድሜው 25 ነው። አንዱ የዘር ፍሬው አብጦ ቢሰነብትም ከብስክሌት ግልቢያው የመጣ መስሎት ችላ ብሎታል። ምርመራው ካንሰሩ ከዘር ፍሬው ተነስቶ ሆዱ፣ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ መዝለቁን አሳየ። ኋላ በአበረታች ንጥረ ነገር ሳቢያ ድሎቹን መነጠቁ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዚህ ካንሰር አካሄድ ብዙዎችን ያሳስታል። የዘር ፍሬው የታመመ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይጠብቃል። ነገር ግን የዘር ፍሬዎች በጽንስ ጊዜ የሚፈጠሩት ኩላሊት አካባቢ በመሆኑ ወደ ታች ሲወርዱ የደምና የሊምፍ መስመራቸውን ከዚያው ይዘው ነው። ስለዚህ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ፣ በትልልቆቹ የደም ሥሮች ዙሪያ ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ላይ ነው። ታማሚው የሚሰማው ታዲያ የወገብ ህመም ይሆናል። ቀጥሎ ሳንባ ይነካል። ጉበት፣ አጥንትና አንጎል የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ኮሪዮካርሲኖማ የተባለው ዓይነት ግን በደም በኩል ፈጥኖ ስለሚጓዝ አንጎልን የማጥቃት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው፣ አንዳንዴ የዘር ፍሬው ላይ የነበረው ዕጢ ራሱ ከስሞ ጠባሳ ብቻ ሲቀር የተሰራጨው ማደጉን መቀጠሉ ነው። እንዲህ ሲሆን በእጅ ዳሰሳ ምንም ላይገኝ ይችላል፤ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

በአገራችን ሳል የጠናበት ወጣት ለሳንባ ነቀርሳ መመርመሩ ተገቢ ነው። ነቀርሳ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ መድኃኒት እየቀያየሩ ወራት ማሳለፍ ግን ተገቢ አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ የወገብ ህመም፣ ሳል ወይም የጡት ማበጥ ይዞ የመጣ ወጣት ወንድ የዘር ፍሬው ሳይታይ መሸኘት የለበትም፤ እሱም በሀፍረት እብጠቱን መደበቅ የለበትም። የደም ምርመራም ይረዳል። በእርግዝና ምርመራ የሚፈለገው ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን በአንዳንድ ታማሚዎች ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የጡት ማበጡም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል።

ተሰራጭቷል ማለት አበቃለት ማለት አይደለም። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሎውረንስ አይንሆርን እ.ኤ.አ በ1974 ሲስፕላቲንን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አጣምረው መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ ካንሰሩ ከተሰራጨባቸውም ታማሚዎች አብዛኞቹ ይድናሉ። አርምስትሮንግም የታከመው እዚያው ነው። አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ለሳንባው ሲባልም ከመድኃኒቶቹ አንዱ በሌላ ተተክቶለታል።

አንድ ነገር ይታወስ፤ ካንሰር ከተጠረጠረ ከዘር ፍሬው በመርፌ ናሙና መውሰድ አይመከርም። የታመመው የዘር ፍሬ በብሽሽት በኩል በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይመረመራል።