አንድም ተማሪ ያላሳለፈው ትምህርት ቤት

ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ሐሳቡም በየቅዳሜው በበጎ ፈቃድ የምንሰጠው ትምህርት ከአጥራችን ማዶ ላለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሰጠቱ ቀርቶ «ውጤት ወደሚያሳዩ» ትምህርት ቤቶች ይዛወር የሚል ነው። ምክንያቱም በአጭሩ ተነገረን። ከአጥር ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት አንድም ተማሪ አላሳለፈም፤ ስለዚህ ሞቷል፤ ለሞተ ደግሞ መድኃኒት አይገዛለትም። አዳራሹ ሣቀ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ተላለፈ፥ እስከዚያው ድረስ ጥቂት ነገር እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ትምህርት ቤት አይመዘን የምል ሰው አይደለሁም። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፥ የሕዝብ ልጆች አራት ዓመት የሚውሉበት ቤት ካልተመዘነ ምን ሊመዘን ነው? ጥያቄዬ ሚዛኑ ምን ዓይነት ነው የሚል ነው። ወንድማችን ይዞ የቀረበው ሚዛን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ስልሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ሁለቱ አለፉ፥ አምሳ ስምንቱ ወደቁ እንደ ማለት ነው። በተከታዩ በ2015 ዓ.ም. 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከልም 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። እንግዲህ «አንድም አላሳለፈም» ተብሎ የሚፈረደው በጎረቤታችን ላይ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ውስጥ ከአሥር ትምህርት ቤቶች በአራቱ ላይ የሚፈረድ ፍርድ ነበር። ሁሉም ሞተዋል ካልን ቀብር አስፈጻሚው ማን እንደሚሆን ወንድማችን ቢነግረን መልካም ነው።

ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። ከ2014 ፈተና በፊት በነበሩት ዓመታት ፈተናው በየአካባቢው ሲሰጥ ምን ይደረግ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱም የሚረሳ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ተማሪ አሳለፈ ተብሎ በወላጆች ቀን የተመሰገነው ትምህርት ቤትና ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ በተዛወረ ማግስት ባዶ እጁን የተገኘው ትምህርት ቤት ያው አንዱ ነው። መምህራኑ አልተለወጡም፤ ጣራውም አልተለወጠም። ትምህርት ቤት በአንድ ክረምት አይበላሽም። የተለወጠው መፈተኛው ቦታና የማለፊያው ነጥብ ነው። የትናንቱ ምስጋና ሐሰት ከነበረ፥ በዚያው በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ የቆመውን የዛሬውን ፍርድስ ለምን ዓይናችንን ጨፍነን እንቀበለዋለን?

«ውጤት የሚያሳዩ» የተባሉትንም ትምህርት ቤቶች እንይ። ከነዚህ ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚያስገቡ ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ውጤቱ ያማረውን ልጅ ከየወረዳው ለቅመው፥ አዳሪ አድርገው፥ አብልተው፥ መጽሐፍ ሰጥተው ያስተምሩታል። ማስተማራቸው መልካም ነው፤ አገር እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ያስፈልጓታል። ነገር ግን ምርጥ ዘር መርጦ በመስኖ ያመረተ ገበሬና የተሰጠውን ሁሉ በዝናብ የዘራ ገበሬ በአንድ አውድማ ቆመው በኩንታል ሲወዳደሩ፥ ዳኛው ስለ ዘሩና ስለ ውሃው ሳይጠይቅ ቢፈርድ ምን እንለዋለን? የጎረቤታችን ትምህርት ቤት በሩ ላይ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ጠዋት ሊስትሮ ሠርቶ የሚመጣውን፥ በሰው ቤት ተቀጥራ በፈረቃ የምትማረውን፥ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ራሱ እየጋገረ የሚማረውን፥ የተመረጠው ጓደኛው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ የቀረውን። ከመካከሉ ጎበዞቹ በየዓመቱ እየተለቀሙ ይወሰዱበታል፤ ከዚያ በኋላ ለምን ጎበዝ የለህም ተብሎ ይከሰሳል!

ከመቶ ስንት አለፈ የሚለው ቁጥር ሌላም ጉድ አለበት። በ2017 ዓ.ም. 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ ከመቶ 8.4 ሆነ፤ ደስም አለን። ያለፉት በእርግጥ በ19,020 በልጠዋል፥ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን የተፈታኙ ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ በ310,638 ቀንሷል። ተፈታኙ እንደ 2014ቱ ቢሆን ኖሮ ያው 48,929 ሰው ከመቶ አምስት ተኩል ገደማ ብቻ በሆነ ነበር። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የሆነው ልዩነት ከየት መጣ? አንዱ ጦርነት ትምህርት ቤቱን ዘግቶበት ይሆናል፤ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራ ወይም ወደ ስደት ሄዶ ይሆናል፤ አንዱ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቀርቶ ይሆናል። የመቶኛው ቁጥር ስለነዚህ አንዳች አይናገርም። እንዲያውም ደካማ ተማሪዎቹን ከ12ኛ ክፍል በፊት አባርሮ የጨረሰ ርእሰ መምህር በዚህ ሚዛን ተሸላሚ ይሆናል።

ደግሞስ በ12ኛ ክፍል የሚወድቅ ልጅ የወደቀው በ12ኛ ክፍል ነውን? በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 የተፈተኑት ከነዚያ ልጆች ሁለት ዓመት ያህል ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ ናቸው። በእናቱ ቋንቋ ማንበብ ያልጠናለት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም፥ ባዮሎጂውም፥ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስምንት ዓመት ዕዳ ተረክቦ በአራት ዓመት ክፈል የተባለ ባለዕዳ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ!

እስካሁን ያልኩት ትምህርት ቤቱን ነጻ ለማውጣት እንዳይመስላችሁ። እኔ ልከሰው የምፈልገው ወንድማችን ባልጠቀሰው ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስተምራቸውን ልጆች የውጤት ካርድ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በሒሳብ 88 ተብሎ የተጻፈላት ልጅ ሁለት ክፍልፋዮችን መደመር ይቸግራታል። በእንግሊዝኛ 91 ያገኘው አንድ አንቀጽ አንብቦ ምን እንደሚል መናገር አይችልም። ይህን ቁጥር የጻፈ እጅ አለ። ልጁንም ወላጁንም አራት ዓመት ሙሉ «ደህና ነህ» እያለ ያታለለ እጅ ነው። እናት ጉሊት ተቀምጣ በሽንኩርት ያሳደገችው ልጅ የደረጃ ተማሪ ነው ብላ ለጎረቤት አውርታ፥ የፈተናው ውጤት በመጣ ዕለት ከቤት መውጣት አፍራለች። መውደቁ ከሚያሳዝነኝ ይበልጥ ሳይነገራት አራት ዓመት መቆየቷ ያሳዝነኛል። መምህሩን ብትጠይቁት ብዙ ተማሪ ከጣለ ከበላይ ተጠርቶ «የማስተማር ብቃት ይጎድልሃል» እንደሚባል ይነግራችኋል። እንግዲህ ቁጥር ብቻ ጠይቀን ቁጥር ሰጡን።

ስለ ቤተ ሙከራው ደግሞ ላንሣ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ያ ሰው የለም። በመስኮት ሲታይ ማይክሮስኮፖቹ ከነካርቶናቸው ተደርድረው አቧራ ጠጥተዋል። እቃው እንዳይሰበር ተብሎ ነው አሉ። በእውነቱ አልተሰበረም! ተማሪዎቹ ግን የሽንኩርት ሕዋስን በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይናቸው ሳያዩ ተፈተኑ፤ መጽሐፉም ቢሆን ለሁሉም አልደረሰ፥ ስልክ ያለው በስልኩ ነው የሚያነበው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ተማሪው ክፍል ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ተማሪው ሲወጣ ይዘጋል። ይህን ለማስተካከል በጀትም፥ ሚኒስቴርም፥ ፍኖተ ካርታም አያስፈልግም፤ አንድ ቁልፍና አንድ የሚቆጣ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ የጎረቤታችንን ትምህርት ቤት እንመዝን ካልን ደክመን እንመዝነው። በኅዳር ወር በአንዱ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሳንነግር እንግባና ስንት ክፍል ውስጥ መምህር እንደ ቆመ እንቁጠር። ዘጠነኛ ክፍል የገቡትን ስም ከ12ኛ ክፍሉ ስም ጋር አስተያይተን የጎደሉት የት እንደ ደረሱ፥ በተለይም ሴቶቹ፥ እንጠይቅ። ለሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ መኖሩን እንይ፤ ይህ የትምህርት ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ ከየክፍሉ በወር ስንት ቀን እንደሚቀሩ እኅቶቻችንን ይጠይቅ። የአንድ ተማሪ ደብተር ገልጠን የመምህር እርማት ያረፈበት መሆኑን እንመልከት። ከሁሉ በላይ ልጁ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ያመጣውን በ12ኛ ክፍል ካመጣው ጋር እናመዛዝን። በ30 ተቀብሎ 45 ያደረሰ ትምህርት ቤትና በ85 ተቀብሎ 80 ያስቀረ ትምህርት ቤት ማንኛው አስተማረ? በስብሰባችን ሚዛን መሠረት የመጀመሪያው ሬሳ ነው፥ ሁለተኛው ጀግና ነው።

45 ካነሣሁ ዘንድ፥ በመካከላችን ያሉትን ላስታውስ። ግማሽ ሳያመጡ ቀርተው ሪሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ገብተው፥ ያንን ፈተና አልፈው፥ ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ከነሱም ጥቂቶቹ የመጡት ከዚሁ ከአጥር ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ነው። አዳራሹ ሲሥቅ እነሱም እዚያው ነበሩ። «አንድም አላሳለፈም» ያለው ወንድማችን በላቦራቶሪ የሚያግዘው ጓደኛው ከየት እንደ መጣ ጠይቆት ያውቅ ይሆን?

አሁን መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝና ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። በዚያ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምረውን ማን አስተማረው? ከሰማይ አልወረደም። ከዚህ ከኛ ግቢ ወይም ይህን ከሚመስል ግቢ በማዕረግ ልብስ ተመርቆ የወጣ ነው። ከየትምህርት ክፍሉ ደህና ውጤት ያለው ሌላ ሥራ ሲያገኝ፥ ሌላ ያጣው ወደ መምህርነት ሲሄድ ዝም ብለን ያየን እኛ ነን። «መምህር ሆነ እኮ» ተብሎ በሐዘን ድምፅ የሚወራው በኛው መኝታ ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከግሎቹ ተሽለው ቢገኙም፥ በጠቅላላው ከተፈተኑት ከግማሽ የሚበልጡት አላለፉም። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሞቷል፥ ይቀበር ያለ ሰው አልሰማሁም። ለራሳችን ሲሆን ምክንያት እንሰማለን፤ ለጎረቤት ሲሆን ቁጥር ይበቃናል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ፥ ብዙዎቹም በትምህርት ቤቶች እያስተማሩ ያገለግሉ ነበር። በግዴታ ነበር፤ ያጉረመረመም ብዙ ነው። ቢሆንም ስለ አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ሲናገሩ የጥቁር ሰሌዳውን ስንጥቅ አይተው ነው የሚናገሩት። ከእኛ የሚጠየቀው አንድ ዓመት አይደለም፤ አውቶቡስም አያስፈልገውም፤ አጥር ተሻግሮ በቅዳሜ ሦስት ሰዓት ማስተማር ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ተቃራኒ ሐሳብ ይህ ነው። የቅዳሜው ትምህርት ባለበት ይቀጥል። ከ12ኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን ከዘጠነኛ ክፍል ይጀመር፤ ምክንያቱም ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው የምንሰጠው ጥናት ለአምሳ ስምንቱ አይደርስላቸውም። መስከረም ላይ ለዘጠነኞቹ በራሳችን አጭር የንባብና የሒሳብ ፈተና እንስጥ፤ ሰኔ ላይ ያንኑ ዓይነት ፈተና ደግመን እንስጥና ልዩነቱን፥ ያማረም ቢሆን ያላማረም ቢሆን፥ በዚሁ ጋዜጣ እናትመው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤትም ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በአክብሮት ደብዳቤ ጽፎ የቤተ ሙከራውና የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኛ ኃላፊነት እንዲሰጥ ይጠይቅ። የሚሰበር ማይክሮስኮፕ ካለ ከማኅበሩ መዋጮ እንክፈል።

የፈቃደኞች መዝገብ በተማሪዎች ማኅበር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ትናንት ማታ ሳየው ለፊዚክስ አራት፥ ለባዮሎጂ ስድስት ሰው ተመዝግቧል፤ ለሒሳብ ሁለት ብቻ፥ ለእንግሊዝኛ ንባብ ግን ማንም የለም።