ታሪካችንን ለቆራሌው አንሽጥ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት 11ኛ ክፍል ስለ ኦጋዴን ጦርነት እያስተማርኩ ነበር። በ1969 ዓ.ም የዚያድ ባሬ ጦር ሲወረን ኤፍ-5 ጄቶቻችን የሶማሊያን ሚጎች ሰማይ ላይ እንዴት እንደመከቱ፣ ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ሚጎች ጥለው በኋላ እሳቸውም ተመትተው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር እንደማቀቁ ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ አውሮፕላኖቹ አሁን የት ናቸው?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ድሮ የጦር አውሮፕላን ቴክኒሻን ለነበሩት አጎቴ ደወልኩ። "ጋሼ፣ እነዚያ አውሮፕላኖች ምን ሆኑ?" አልኳቸው። "አንዳንዱን ሣር ዋጠው፣ ሌላው በኪሎ ሄደ ይባላል" አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው "ስንት ሌሊት ያደርኩበት ሞተር መሰለህ" አሉና ወሬ ቀየሩ።

ይህንን እዚሁ ገጼ ላይ ሁለት መስመር ብጽፍ አንድ ወዳጄ "የሚበላው ያጣ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ አሮጌ ብረት ታወራለህ?" አለኝ። ብዙ ላይክም አገኘ። እሺ፣ እንነጋገር።

እኔ በመምህር ደመወዝ ነው የምኖረው፣ የኑሮን ነገር አውቀዋለሁ። ግን አንድ ጄት ቀልጦ ስንት ድስት ይወጣዋል? ድስቱ ውስጥ የሚገባውንስ ማን ሰጠን? አሮጌ አውሮፕላን በመሸጥ ከረሃብ የወጣ አገር ካለ ንገሩኝ። የተራበ ሕዝብ ታሪክ አያስፈልገውም ያለውስ ማነው?

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስተርሊንግ የሚባል ቦምብ ጣይ ከ2,300 በላይ ሠርተው ነበር። ዛሬ ሙሉ ሆኖ የተረፈ አንድም የለም። አሜሪካኖችም ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሪዞና በረሃ ላይ ደርድረው አቅልጠዋል። "ሜምፊስ ቤል" የተባለችውን ቦምብ ጣይ ግን የሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 በ350 ዶላር ገዝቶ አዳናት። ለዓመታት ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታት ብትቆይም ዛሬ ታድሳ ሙዚየም ውስጥ ናት። የሚለየው ሀብት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስተርሊንግም ይተርፍ ነበር። የሚለየው በሰዓቱ "ቆይ፣ ይቺን ተዉ" የሚል ሰው መገኘቱ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1928 ዓ.ም አገራችን ላይ የተሠራችውን "ፀሐይ"ን ጣሊያን ዘርፎ ወሰዳት። በጥር 2016 ዓ.ም ስትመለስ ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔም ፎቶዋን እዚህ ለጥፌያለሁ። ግን የሚያሳፍረውን እንናገር፦ የዘረፈን ጠላት ሙዚየም አስገብቶ ባያቆያት ኖሮ ምን እናመጣ ነበር? እዚህ ቀርታ ቢሆንስ በኪሎ አትሄድም ነበር ብሎ የሚምል አለ? ካናዳም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእኛ የሸጠችውን ፋየርፍላይ በ1990ዎቹ መልሳ ወስዳ ሙዚየሟ ውስጥ አስገብታዋለች። እኛ ቁርጥራጭ ያልነውን ሌላው ባሕር አሻግሮ ይወስደዋል።

አሁን ብዙዎቻችሁን የማያስደስተውን ልናገር። አውሮፕላኖቹ ይጠበቁ የምለው ለፉከራ አይደለም። የኢትዮጵያ ሚጎች ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም ሐውዜን ላይ የገበያ ቀን ቦምብ ጥለዋል። ያለቀው እህል ሊሸጥና ሊገዛ የወጣ ገበሬ ነው፣ የራሳችን ሰው። ታዲያ አውሮፕላኑ ሲቀልጥ የሚጠፋው ጀግንነቱ ብቻ ነው? የወንጀሉም ምስክር አብሮ ይቀልጣል። ፉከራ ብቻ የሚፈልገውም፣ ጥፋቱን መርሳት የሚፈልገውም ከቆራሌው እኩል ይጠቀማሉ። ተማሪዬ ግን ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ኤፍ-5ቱ ፊት ይኩራ፣ ሚጉ ፊት አንገቱን ይድፋ። ታሪክ ማለት ሁለቱም ነው።

ተርፈው ለማሳያ የቆሙ ጥቂት አውሮፕላኖች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ላቆሟቸው ምስጋና ይገባል። የምጠይቀው ስለቀሩት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም አሮጌ የጦር አውሮፕላን ከመቆረጡ በፊት ቁጥሩ ይመዝገብ፣ ፎቶ ይነሳ። ሁለተኛ፣ ከየዓይነቱ ቢያንስ አንድ ይቅር። ሦስተኛ፣ አጠገቡ የሚጻፈው ጽሑፍ ሙሉ ይሁን፣ ማንን እንዳዳነና ማንን እንደገደለ ይናገር። ይህ ሚሊዮኖች አይፈልግም። የመጀመሪያው እንደውም ደብተርና ስልክ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አየር ኃይል ውስጥ የሠራ አባት፣ እናት፣ አጎት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ያበረሩትን፣ የጠገኑትን፣ ያዩትን ጠይቋቸውና ቅዱት። ብረቱ ቢሄድ እንኳ እነሱ ገና አሉ። ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ሰኞ ለዚያ ልጅ መልስ ይዤ መግባት አለብኝ።