ፈረሱንስ ማን ይጠይቀው?

አበረታች ቅመም ሲባል መቼም ሁላችንም ዞረን የምናየው ሯጩን ነው። ሽንት፣ ምርመራ፣ እገዳ፣ ለቅሶ። ፈረስ ትዝ የሚለው የለም። እኛን ግን ሰሞኑን ቡና ላይ ያጨቃጨቀን ፈረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድር ሆንግ ኮንግ ላይ ሲካሄድ አራት ፈረሶች ካፕሳይሲን ተገኝቶባቸው ታገዱ። ካፕሳይሲን ምን መሰላችሁ? በርበሬን የሚያቃጥለው ነገር ነው! እግር ላይ ሲቀባ ሕመም ያደነዝዛል፤ አለበለዚያም ቆዳውን አስቆጥቶ ፈረሱ አጥሩን እንዳይነካ ያስፈራዋል። በዚህ ሰበብ ኖርዌይ የቡድን ነሐሷን ተነጠቀች። ለእኛ የወጥ ቅመም የሆነው እዚያ የሜዳሊያ ቅመም ሆኖ አረፈው።

«እና ይሄ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባናል። እንጅባራ ላይ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበር ያላቸው የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 አደባባዩን ይሞሉታል። በደጋው አገር የገናና የጥምቀት ሰሞን ያለ ጉግስ አይደምቅም። ነገ ሰቆጣ ላይ ዋንጫና ሽልማት ያለው የፈረስ ውድድር ቢዘጋጅ ደስታችን ነው። ግን ሽልማት ባለበት ሁሉ አቋራጭ ፈላጊ አይጠፋም።

አትሌቶቻችንን የሚቆጣጠር የፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣን አለን። የእንስሳት መድኃኒትን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 728/2004 ይመለከተዋል። አዋጁ ግን የመድኃኒቱን ምዝገባና ንግድ እንጂ የጉግሱን ሜዳ አይዳኝም። ሜዳው ላይ ያለው ዳኛ ምን ይዞ ይፍረድ?

እዚህ ላይ ነው ፍትሕ የሚመጣው። ዝም ብሎ «መድኃኒት የተገኘበት ይባረር» ማለት ግፍ ነው። አንድ የዋግ ገበሬ ፈረሱ ቆስሎ ፔንስትሬፕ አስወጋው እንበል። መድኃኒቱ ውስጥ ፕሮኬይን አለ። ፕሮኬይን ደግሞ የሚያደነዝዝ ነገር ነው፤ ምርመራ ላይ ይያዛል። ሰውዬው አጭበረበረ? የለም፣ አሳከመ! ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ለዚህ ብሎ ዝርዝሩን ለሁለት ከፍሎታል፦ በፍጹም የተከለከሉና ለሕክምና የሚፈቀዱ፣ ግን በውድድር ቀን ሰውነት ውስጥ መገኘት የሌለባቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚያነክስ ፈረስን በማስታገሻ አደንዝዞ ማስጋለብ አለ። ሯጭ ቢያንስ አውቆ ይውጣል፤ ፈረሱን ማን ጠየቀው? ሕመም እኮ «ቁም» የሚል ዳኛ ነው። እሱን ዝም ካሰኙት እግሩ ይሰበራል፣ ጋላቢውም አብሮ ይወድቃል። ድርቅና ጦርነት በተፈራረቁበት ዋግ ኽምራ ደግሞ ፈረስ ማጣት ዋንጫ እንደ ማጣት አይደለም፤ ቤት ይጎድላል።

«ላቦራቶሪ ከየት ይምጣ?» ትክክል፣ በየወረዳው የሚታሰብ አይደለም። ግን ሁሉ ነገር ላቦራቶሪ አይፈልግም። በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ሐኪሙ በየጣቢያው የልብ ምት ይቆጥራል። በተሰጠው የእረፍት ጊዜ ውስጥ በደቂቃ ወደ 64 ያልወረደ ፈረስ አይቀጥልም። ለዚህ የሚያስፈልገው ማዳመጫና ሰዓት ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ላለችው ሰቆጣ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው። ደንቡ ከውድድሩ በፊት በአማርኛም በኽምጣንግም ይነገር። የታከመ ፈረስ መድኃኒቱና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይኑረው፤ እስኪወጣለትም ይረፍ። ከመነሻው በፊት ሐኪም በሶምሶማ አስኪዶ ይየው፤ ያነከሰ ይቅር። የተቀጣም ይግባኝ የሚልበት ይኑረው። የባለሀብቱ ፈረስና የገበሬው ፈረስ ደግሞ በአንድ ዓይን ይታዩ፤ ይህ ከሌለ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

«ባህላችን ላይ የፈረንጅ ሕግ አታምጡብን» ለምትሉን፦ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረሳቸው ስም የጠራ አገር ነው ያለን። ንጉሡን በፈረሱ ስም ጠርቶ ፈረሱን በመርፌ ማታለል የትኛው ባህል ነው?