ዕቃህን ስትጭን ዝርዝሩን ጻፍ

ወዳጄ ሆይ፣ የዝውውር ደብዳቤ በደረሰህ ጊዜ ልብህ ወደ አዲሱ ሥራ ይቸኩላል፤ ነገር ግን ዕቃህን በመኪና ስትልክ ማስተዋል ያስፈልግሃል።

እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በተዛወርሁ ጊዜ፣ ዕቃዬን ለአንድ ሹፌር በቃል ብቻ አስረከብሁ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። መኪናው በማግሥቱ ደረሰ፤ አንዱ ሣጥን ግን የለም። እኔ «አምስት ነበር» ስል፣ እርሱ «አራት ነው የጫንሁት» አለ። ማስረጃ ከየት ላምጣ? የትምህርት ምስክር ወረቀቴ በዚያ ሣጥን ውስጥ ነበርና፣ ምትኩን ለማውጣት ብዙ ቀን ደጅ ጠናሁ።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በመጀመሪያ፣ የዕቃህን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ የሰሌዳውን ቁጥር፣ ኪራዩንና የሚደርስበትን ቀን ጨምረህ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው አንቀጽ እንደሚያዝዘው፣ በሚገባ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ በየሣጥኑ ላይ ስምህንና ተራ ቁጥሩን ጻፍ፤ ብርጭቆውን በብርድ ልብስ ጠቅልል፤ ክረምት ከሆነ መኪናው ሸራ እንዳለው በዓይንህ እይ። ሦስተኛ፣ ኪራዩን በሙሉ አስቀድመህ አትክፈል፤ ቀሪውን ዕቃው ተቆጥሮ ቤት ሲገባ ስጥ። ገንዘብህና የምስክር ወረቀትህ ግን ከእጅህ አይለዩ።

ይህ ሹፌሩን መጠርጠር አይደለም፤ የተጻፈ ዝርዝር አንተንም እርሱንም ከክርክር ያድናል።