ሣጥኑ ሳለ ቁልፉ እንዳይጣል

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይሁን እንጂ በዘመናችን የተጻፈ ሁሉ ይወረሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ጽሑፉ በመግነጢስ ጥብጣብ ላይ ሠፍሮ፥ ማንበቢያው መሣሪያ ግን እንደ አሮጌ ብረት ተቆጥሮ ለጨረታ ከወጣ፥ ወራሹ የሚያገኘው የተቆለፈ ሣጥን ብቻ ነውና።

ይህ ነገር ለወላይታ ሶዶ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋምና ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ስትሆን፥ የቀድሞው ክልል ሥራ ተከፋፍሏል። ሥራ ሲከፋፈል መዝገብ ይከተላል። ታዲያ በርክክቡ ጊዜ ወረቀቱ ይቆጠራል እንጂ፥ የመጠባበቂያ ካሴቱ ከነማንበቢያው መኖሩን የሚጠይቅ ማን ነው?

«ኩባንያው ፕሮግራሙን ማደስ ስለተወ መሣሪያው ሞቷል» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ፕሮግራሙ ነው፤ መሣሪያው ደኅና ነው። በፈረንጆች 1991 ዓ.ም. የተጀመረውና ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነው ሊኑክስ፥ የስካዚ ጥብጣብ ማንበቢያዎችን ያለ ኩባንያው ፕሮግራም ያዝዛል። «ኤምቲ» ጥብጣቡን ይመልሳል፥ ያሳልፋል፤ «ዲዲ» ያለውን እንዳለ ወደ ዲስክ ይገለብጣል።

አዲስ ማንበቢያ መግዛትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። በፈረንጆች 2000 ዓ.ም. የወጣው የኤል ቲ ኦ ካሴት የመጀመሪያው ትውልድ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ያለው ማንበቢያ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነብባል፤ ስምንተኛው ግን አንድ ብቻ። እንግዲህ አሮጌውን ማንበቢያ የጣለ ቁልፉን ጣለ ማለት ነው።

በእርግጥ ችግሩ በዚህ አያበቃም። ካሴቱ ቢነበብም፥ ኩባንያው ጽሑፉን ያሰናዳው በራሱ ምሥጢራዊ አጻጻፍ ከሆነ ገና መፈታት ይኖርበታል። ክፍት ፕሮግራምም ያረጀውን ይተዋል፤ ሊኑክስ በፍሎፒ ገመድ የሚሠሩትን የጥብጣብ ማንበቢያዎች በፈረንጆች 2007 ዓ.ም. ከአዲሱ እትም አውጥቷቸዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የቀድሞው እትም ምንጩ ለሕዝብ እንደተገለጠ ስለሆነ፥ የሚፈልግ ሁሉ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊጭነው ይችላል። ኩባንያ የዘጋውን ግን ማን ይከፍተዋል?

አሮጌ ዕቃ ለዘለዓለም ይከማች ማለቴ አይደለም። አዲስ መጠባበቂያም በአሮጌ መሣሪያ ይያዝ አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ካሴት ሳይገለበጥ ማንበቢያው አይወገድ። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴም ከመፈረሙ በፊት ይህን ይጠይቅ።

የወላይታ ገበሬ በጓሮው እንሰት የሚተክለው ለክፉ ቀንም ጭምር ነው። እንሰቱን ተክሎ ግን መፋቂያውን አይጥልም።

በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የምታጠኑ ወጣቶች ሆይ! ለመመረቂያ ሥራ ርእስ ስትፈልጉ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ዕቃ ቤት ጎራ በሉ። አስቀድማችሁ የካሴቱን መጻፊያ መከልከያ ቆልፉ፤ ከዚያም ገልብጡ፥ የሠራችሁትንም ለሚከተላችሁ ጽፋችሁ አኑሩ። አገር የሚያገለግል ትምህርት ሩቅ አይደለም፤ አቧራ ለብሶ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።